አዲሱ ከበሮ በደምበጫ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ መሀል ላይ ደምበጫ አለች። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ያልፋታል፤ እኔ ግን ነርስነትን የጀመርሁት በዚያ ስለሆነ ዘንድሮ ለኅዳር ሚካኤል የልጅ ልጄን ይዤ ሄድሁ።

ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው፤ የምታድገው ስዊድን። በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ኦርጋን ሲተከል አይታለች። አንዱ ቱቦ ከእርሳስ ያጥራል፣ ሌላው ጣራ ይነካል፤ ሁሉም በንፋስ ይጮኻል፤ ባለሙያዎቹ የእያንዳንዱን ድምፅ እያስተካከሉ ብዙ ሳምንት ቆዩ አለችኝ። ከከተማው ወጣ ባለችው የገጠር ሚካኤል ቅጽር ገና ከመግባታችን «ኦርጋኑ የት ነው?» አለች።

ኦርጋንስ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ የደረሱት የፖርቱጋል መልእክተኞች ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጡት ስጦታ አንዱ እሱ ነው። ማኅሌቱ ግን በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ቀጠለ።

ደግነቱ ዛፍ ሥር አዲስ ከበሮ ሲለጎም ደረስን። ግንዱ ዋንዛ ነው፣ ውስጡ ተቦርቡሮ የወጣ። የራሰውን የበሬ ቆዳ በሁለቱም አፍ ወጥረው በጠፍር ጠመዱት፤ ቆዳው ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያጠብቃል። ሰፊው አፍ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ፣ ጠፍሩም የግርፋቱ ምሳሌ መሆኑን መሪጌታው ሲነግሯት ልጅቷ ጠፍሩን በጣቷ ቆጠረች።

በሦስተኛው ቀን ተሞከረ። ከበሮው ሲመታ ደረቴ ውስጥ ገባ። ቀጥለው መሪጌታው ጸናጽሉን አነሡ። ልጅቷ «እንደ ትንሿ ቱቦ!» ብላ ዞረችብኝ። እኔ እጃቸው ሲወዛወዝ አያለሁ እንጂ የሰማሁት የለም።

«እማማ፣ አትሰሚውም እንዴ?»

እርጅና ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ መሆኑን ስንቱን ሽማግሌ አስረድቻለሁ! በዚሁ ወረዳ በእንጨት ቀንድ የፅንስ ልብ ምት አዳምጥ የነበርሁ ሴት፣ የራሴን ግን ለልጄ እንኳ ደብቄ ዓመት አለፈኝ። ዝም ስላት እጄን ይዛ አዲሱ ቆዳ ላይ አስቀመጠችውና መቺውን «ድገመው» አለችው።

ማታ ለእናቷ በስልክ የነገረቻት እሷው ናት። የጆሮ ምርመራ ቀጠሮዬ ለማክሰኞ ነው።