ለሥራችሁ የመገናኛ ሬዲዮ ልታስገቡ ላሰባችሁ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ፓርኪንግ የምታስተዳድሩ፣ የሰርግ አዳራሽ የምታከራዩ፣ የመጋዘን ወይም የትራንስፖርት ሥራ የጀመራችሁ ወገኖቼ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ይረዝማል፤ ሥራችሁን የሚነካ ስለሆነ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ለሠራተኞቻቸው ዎኪቶኪ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ "የቱ ይሻላል? ስንት ማይል ይሄዳል?" ብለው ነው። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ሌላ ነው። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? የት ቆሞ? ሲናገርስ ማን ማን ይሰማዋል? ይህ ሳይታሰብበት የተገዛ ሬዲዮ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ብዙም ሳይቆይ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሠራተኛው ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ ባለቤቱም "እነዚህ ልጆች መጠቀም አይችሉበትም" ይላል። ልጆቹ ይችሉበታል። ሬዲዮውን ለቦታውና ለሰዎቹ እንዲሆን አድርጎ ያዘጋጀላቸው ሰው ግን አልነበረም።

የማውቀውን ፓርኪንግ ልውሰድ። በዚህ ከተማ ከካሸርነት ተነሥቶ ማናጀር የሆነ፣ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ልጆቹን ኮሌጅ ያስተማረ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት መጽሐፉን ዘርግቶ ዲግሪውን የጨረሰ ብዙ ወገን አለን። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ማታ ቢሮዎች ሲዘጉ ግን ሁሉም መኪናውን በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ካሸሯ ከላይ በሩ ጋ ናት፣ መኪና አውጪዎቹ ከምድር በታች ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ናቸው፣ እዚያ ደግሞ ስልክ አይሠራም። አንድ መኪና ሌላውን ዘግቶበታል፣ ቁልፉ የማን እጅ ላይ እንዳለ አይታወቅም፣ ደንበኛው ሰዓቱን ያያል።

የሬዲዮ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ስልክ ለመደወል መልሱን የሚያውቀው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። በሬዲዮ ግን "የግራጫው ቶዮታ ቁልፍ ማን ጋ ነው?" ብላችሁ አንድ ጊዜ ትጠይቃላችሁ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው "እኔ ጋ ነው፣ እያመጣሁ ነው" ይላል። የቀሩትም ሰምተዋልና መፈለጋቸውን ያቆማሉ።

በዚህ አገር ቆየት ያላችሁ ኔክስቴልን ታስታውሱታላችሁ። ስልክም ነበር፣ ተጭነው የሚናገሩበት ሬዲዮም ነበር። ስፕሪንት ያንን ኔትወርክ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2013 ዘጋው። ዛሬ ያንን ሥራ ዜሎን የመሳሰሉ የስልክ መተግበሪያዎችና ሲም ካርድ የሚገባባቸው ሬዲዮዎች ይሠሩታል። ሾፌሮቻችሁ ከባልቲሞር እስከ ዉድብሪጅ ተበትነው የሚውሉ ከሆነ እነሱን ውሰዱ፤ በእጅ የሚያዝ ተራ ሬዲዮ ያንን ርቀት አይደርስም። ሥራችሁ አንድ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ፣ በተለይ ምድር ቤት ያለው ከሆነ፣ የስልክ ኔትወርክ የማይፈልግ የራሳችሁ ሬዲዮ ያስፈልጋችኋል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን "35 ማይል" አትመኑ። ያ ቁጥር በመካከል ምንም ሳይኖር፣ አንዱ ሰው ተራራ ጫፍ ላይ ሌላው ሸለቆ ውስጥ ቆመው ሲነጋገሩ ሊገኝ የሚችል ነው። ብረት የታጨቀበት ኮንክሪት ውስጥ ሦስት ደረጃ ወደ ታች መድረስ ከባድ ነው። የዋቱ ብዛትም ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል አይረዳም፤ ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ርቀቱን እጥፍ አያደርገውም። የበለጠ የሚረዳው የሞገዱ ዓይነት ነው። ለእርሻ፣ ለሜዳና ለገላጣ ቦታ ቪኤችኤፍ የሚባለው ይመረጣል፤ የሞገዱ ርዝመት ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ለሕንፃ ግን ዩኤችኤፍ ይሻላል፤ ሞገዱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በበርና በደረጃ ክፍተት እየሾለከ ይገባል። ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ ዩኤችኤፍ ግዙ፤ በዚህ ብዙ አታመንቱ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሬዲዮ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። አንድ ሰው ካሸሯ ቦታ ላይ ይቁም፣ ሌላው የሕንፃውን ጥግ ሁሉ ይዙር፤ ሊፍት ውስጥ፣ ጀነሬተር ክፍል፣ የመጨረሻው ደረጃ ጥግ ድረስ። ድምፅ የሚጠፋበትን ቦታ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። ይህንንም ጋራዡ በመኪና ሲሞላ አድርጉት፤ ባዶ ጋራዥና የሞላ ጋራዥ አንድ አይደሉም። ብዙ ቦታ ድምፅ ከጠፋ መፍትሔው ሪፒተር ነው፤ በአንድ ሞገድ የሰማውን ወዲያው በሌላ ሞገድ በኃይል መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ። ሪፒተር ገንዘብም ፈቃድም ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ "ያስፈልጋችኋል" ስላለ ሳይሆን፣ ዞራችሁ ምልክት ያደረጋችሁበት ወረቀት ካሳያችሁ ግዙት።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚጥሰው እሱን ነውና። አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ ለንግድ ልትጠቀሙባቸው ከምትችሉት አንዱ ኤፍአርኤስ የሚባለው ነው። 22 ቻናል አለው፣ ጉልበቱ ቢበዛ 2 ዋት ነው፣ አንቴናው አይነቀልም። ለትንሽ ሱቅ፣ ለአንድ አዳራሽ፣ ለቤተ ክርስቲያን መኪና አሰላፊዎች ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጂኤምአርኤስ የሚባለው ከሱ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ፈቃዱም 35 ዶላር ነው፣ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ፈቃዱ የሚሰጠው ለግለሰብና ለቤተሰቡ ነው። ሠራተኞቻችሁ በሕጉ ፊት ቤተሰባችሁ አይደሉም፤ ስለዚህ ባለቤቱ በስሙ ፈቃድ አውጥቶ ለሠራተኞቹ ማደል አይችልም።

ከዚያ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ የንግድ ፈቃድ አለ። ሞገዱን የሚያጣጥም የታወቀ አስተባባሪ ድርጅት ለቦታችሁ የሚስማማ ሞገድ ያገኝላችኋል፣ ማመልከቻው ሞገዱን ለሚቆጣጠረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ ለኤፍሲሲ፣ ይቀርባል፣ ፈቃዱ ለ10 ዓመት ይሰጣል። ለሪፒተርና ለ4 ዋት ሬዲዮ መንገዱ ይህ ነው። ያገለገለ ሬዲዮ በርካሽ ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በዚህ የንግድ ክፍል እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሬዲዮዎች በ12.5 ኪሎ ኸርዝ ጠባብ ሞገድ እንዲሠሩ ግዴታ ስለሆነ፣ በሰፊው ብቻ የሚሠሩ አሮጌ ሬዲዮዎች ዋጋ የላቸውም።

ባኦፌንግና መሰሎቹ በኢንተርኔት በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ከቁልፋቸው ላይ ቁጥር እየተመታ ወደ ብዙ ዓይነት ሞገድ ሊዞሩ ይችላሉ፤ አደጋውም እሱ ነው። ያላችሁበት ሞገድ የእሳት አደጋ ወይም የፖሊስ ሊሆን ይችላል። ኤፍሲሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃድ ያላገኙ እንዲህ ያሉ ሬዲዮዎችን መሸጥንና መጠቀምን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሃያ ዶላር ለማትረፍ ብላችሁ በላባችሁ ያቆማችሁትን ድርጅት ለቅጣት አታጋልጡ።

አዲስ አበባ ሆቴል ወይም የግንባታ ሥራ ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሬዲዮ ሌላ አገርም ነፃ ነው ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሞገዱን ያስተዳድራል፤ አስቀድማችሁ እሱን ጠይቁ። አውሮፓ ያላችሁም እንደዚሁ፤ እዚያ ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው በ446 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ጉልበቱ ግማሽ ዋት የሆነው ነው፤ የአሜሪካው አይፈቀድም።

ሬዲዮው ተገዝቶ ሲመጣ መጀመሪያ ከሰው ስም ይልቅ ለቦታ ስም ስጡ። "በር አንድ"፣ "ታች ሁለት"፣ "ታች ሦስት"፣ "ቢሮ"። ፈረቃ ሲቀየር ሰው ይቀየራል፣ ቦታው ግን አይቀየርም። እኛ መካከል ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ሱፐርቫይዘር አባቱን የሚያክል ሰው በስሙ ብቻ ለመጥራት ይከብደዋል፣ በችኮላ ደግሞ "ጋሼ" ብሎ አክብሮ ለመናገር ጊዜ አይኖረውም። "ታች ሦስት፣ በር አንድ ነኝ" ሲል ማንም አይደፈርም፣ ሥራውም አይዘገይም።

ቁልፉን ተጭኖ አንድ ሰከንድ መጠበቅን አስተምሩ፤ ወዲያው የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይቆረጣል፣ "አትልቀቀው" የሚለውም "ልቀቀው" ሆኖ ሊሰማ ይችላል። የሰማ ሰው የሰማውን ደግሞ ይናገር፦ "ታች ሦስት፣ ግራጫ ቶዮታ፣ እያመጣሁ ነው።" "እሺ" ብቻ ማን እንደሰማና ምን እንደሰማ አይናገርም። አንድ ሰው ሬዲዮው ላይ ተቀምጦ ቁልፉ ተጭኖ ቢቀር ቻናሉ ለሁሉም ይዘጋል፤ ስለዚህ ፕሮግራም ሲደረግ ንግግርን በ60 ሰከንድ የሚቆርጠው ሰዓት እንዲበራ ጠይቁ። ባትሪዎቹ ላይ ሥራ የጀመሩበትን ቀን ጻፉ፤ ሁለት ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው መድከማቸው አይቀርም፣ የሚደክሙትም ሥራ በበዛበት ሰዓት ነው።

አደጋ ሲደርስ ሬዲዮ 911ን አይጠራም። ማን ስልክ ይዞ ወደ ላይ እንደሚሮጥ፣ ማን አምቡላንሱን በሩ ላይ እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ወስኑ። ከሠራተኞቻችሁ መካከል አማርኛ የማይሰማ፣ ከኤል ሳልቫዶር ወይም ከሌላ አገር የመጣ ካለ፣ ለእሳት፣ ለጉዳትና ለግጭት ሁሉም የሚያውቀው አንድ አንድ ቃል ተስማሙ። ያ ሰው አደጋ መኖሩን የሚያውቀው የናንተን ሩጫ አይቶ መሆን የለበትም።

ካርቶኑ ላይ "ፕራይቬሲ ኮድ" የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። እሱ የሌሎችን ድምፅ ከናንተ ጆሮ ይከለክላል እንጂ የናንተን ድምፅ ከሌሎች አይደብቅም። መንገድ ማዶ ያለ ሱቅ በዚያው ቻናል ቢከፍት ይሰማችኋል። ስለዚህ "ካሸሯ ብቻዋን ናት"፣ "ዛሬ ብሩ በዝቷል፣ ና ውሰድ"፣ የደንበኛ ሙሉ ስም፣ የሆቴል ክፍል ቁጥር፣ እነዚህ በሬዲዮ አይነገሩም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሠራተኛ በሬዲዮ ሲሰደብ ሰምቻለሁ። አንድ ማናጀር ከሞቀ ቢሮው ቁልፉን ተጭኖ "ምን ዓይነት ሰው ነህ? ስንት ጊዜ ልንገርህ?" ሲል፣ ያንን የሚሰማው የተሰደበው ሰው ብቻ አይደለም። የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ይሰማሉ። ከፊቱ የቆመው፣ ቁልፉን የሚቀበለው ደንበኛም ይሰማል። ያ ሰው አገር ቤት መምህር ወይም የቢሮ ኃላፊ የነበረ፣ እዚህ ለልጆቹ ብሎ ምድር ቤት ውስጥ የቆመ ሊሆን ይችላል። መልስ ልስጥ ቢል ሁሉም ይሰማዋል፣ ዝም ቢልም ዝምታውን ሁሉም ይሰማል። ስልክ ላይ ቢሆን ኖሮ በሁለቱ መካከል ያልቅ ነበር።

ጉዳቱ ክብሩ ላይ ብቻ አይቆምም። የተዋረደ ሰው ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን ይፈራዋል። መኪና ገጭቶ ከሆነ ወዲያው አይናገርም። የጠፋ ቁልፍ ካለ ለብቻው ይፈልጋል። ባትሪዬ አልቋል ይላል፣ ድምፁን ይቀንሳል። ለዚያ ሁሉ ሬዲዮ ያወጣችሁት ገንዘብ ሰው እንዲናገር ነበር፤ በአንድ ስድብ ሰው ዝም እንዲል አደረጋችሁት።

ስለዚህ ባለቤቶችና ማናጀሮች፣ በሬዲዮ የሚነገረው ሥራው ብቻ ይሁን። ተግሣጽ ካለ ወደ ቢሮ ጥሩት፣ በሩን ዝጉ፣ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ምስጋናውን ግን ሁሉም በሚሰማበት ቻናል ንገሩት፤ "ታች ሦስት፣ ዛሬ ጥሩ ሠርታችኋል፣ እናመሰግናለን" ለማለት ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ፣ በሬዲዮ የተሰደበ ባልደረባ ካላችሁ ከፈረቃ በኋላ ብቻውን አትተዉት፤ ማናጀሩንም በአክብሮት፣ ለብቻው አግኝታችሁ ንገሩት። ይህን ጽሑፍ ፓርኪንግ ወይም አዳራሽ ላለው ወዳጃችሁ አድርሱልኝ፤ ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።