ሲንቄ

የጥንት ግብፅ ሴቶች ንብረት የመያዝ፣ ባል የመፍታትና ዳኛ ፊት የመቆም መብት እንደ ነበራቸው ባነበብሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ባሌ ይሄዳል። ናውናክቴ የተባለች እናት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት ምስክር አስቀምጣ ተናዝዛ፣ በእርጅናዋ ያልጦሯትን ልጆቿን ከውርሷ ነቅላለች። የእሷ መብት ፓፒረስ ላይ ሰፍሯል። የአርሲ ኦሮሞ ሴት መብት ግን ያለው በአንዲት ቀጭን በትር ነው።

ደሎ መና ቡና ያፈሉልኝ አሮጊት፣ እናታቸው በሠርጋቸው ዕለት የሰጧቸውን ሲንቄ አውርደው አሳዩኝ።

«ባልዎ ቢመታዎትስ፣ አዴ?»

«እጮሃለሁ። የሰማች ሁሉ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች።»

ላሟ ሳትታለብ፣ እሳቱ ሳይነድ ይውላል። ጥፋተኛው ከብት አቅርቦ ካልካሰ ሴቶቹ ወደ ቤት አይመለሱም። በተለይ አራስ የመታ ወዮለት! ጎሳና ጎሳ ሲጋጭም ሲንቄ የያዙ ሴቶች መሐል ከገቡ ጦር መወርወር ነውር ነው። (የከተማችን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ።)

ነገሩን ግን አላሳምረው። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሹመቱን ከጥንት ጀምሮ ለወንድ ነው የሚሰጠው።

«ለልጅዎስ ሰጧት?» አልኋቸው።

«ሰጥቻታለሁ። ሮቤ ነው የምትኖረው። ከጎረቤቶቿ ሲንቄ ያላት ስንቷ እንደሆነች ግን እንጃ።»