መጋዘኑም ምስክር ነው

«ዶክተር፣ ይህ እኮ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ የእህል መጋዘን ነው።»

ይህን ያለኝ አንድ ወጣት ባለሙያ ነው። በደብረ ማርቆስ በአሮጌው ገበያ አካባቢ ስለሚገኝ፣ ግድግዳው ላይ «ይፈርሳል» የሚል ቀይ ምልክት ስለተቀባበት አንድ የቆየ መጋዘን ላነጋግረው ቢሮው ድረስ ሄጄ ነበር። ወጣቱ ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀምጦ በትዕግሥት አዳምጦኛል። የነገረኝም የተማረውን ነው። ያስተማርነው ደግሞ እኛ ነን። ታሪክ ስናስተምር ነገሥታት የኖሩበትንና ካህናት የቀደሱበትን ስፍራ እየዘረዘርን፣ ነጋዴ ያከማቸበትንና ገበሬ ወረፋ የጠበቀበትን እያለፍን ነው። እንግዲህ ልጁን በምን አፌ ልገሥጸው?

መጋዘኑን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ዛሬ ዐረብ ባይኖርበትም ሰፈሩ «ዐረብ ቤት» ይለዋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ በቅሎ ከነጭነቷ የምታስገባ ሰፊ በር አለው። በእኔ ልጅነት፣ በደርግ ዘመን፣ የኮታ እህል ይከማችበት ነበር። አባቴ ጤፉን በአህያ ጭኖ መጥቶ መንግሥት በቆረጠለት ዋጋ ሲያስረክብ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነፈሰም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ንግድ ነጻ እስኪወጣ ድረስ የጎጃም ገበሬ ዝምታ ይህ ነበር። አያቴ ግን ያንኑ በር በሌላ መልኩ ያውቀው ነበር፤ ቆዳና ሰም አስረክቦ ጨውና አቡጀዲ የሚገዛበት በር ነበር። አባትና ልጅ በአንድ በር ገብተው ሁለት የተለያዩ አገሮች ገጠሟቸው ማለት ነው።

የጎጃም ንግድ ታሪክ ከዚህም ይርቃል። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዐባይ ቆላ በሚወስደው አቅጣጫ፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። በ1830ዎቹ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በዚህ አገር በተዘዋወረበት ጊዜ ከእናርያና ከጊቤ አገሮች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ዐባይን ተሻግሮ ይመጣ ነበር። በምትኩ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። የንግዱን ሸክም በአብዛኛው የተሸከሙት ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ የማዕረጉ ትርጉም ባዶ ክብር አልነበረም፤ የዚያ ንግድ ምንጭ ነበር። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ድል ሲሆኑ ከፋ ብቻ አይደለም የቀረባቸው፤ የደቡቡ ሀብት ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ተፈጸመ፤ የአራዳ ገበያ ደራ፣ ባሶ ደበዘዘ።

በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ ዘመን ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ እየወረድኩ በመሐመድ አሊ ሕንጻ ፊት ለፊት የምቆመው ለዚህ ነበር። የሕንዳውያኑ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ከጣሊያን ወረራ በፊት በአገራችን ከነበሩት የአስመጪና ላኪ ድርጅቶች ዋነኛው ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ወራሪው አባረረው። የአራዳንም ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ የዛሬውን መርካቶ መሠረተ። ለአላፊ አግዳሚ ያ ሕንጻ የሸቀጥ ማከማቻ ነበር፤ ለእኔ ግን የእምባቦ ውጤት ነበር። አራዳ ላይ እንዲህ ያለ ንግድ ቤት የቆመው ባሶ ላይ የነበረው በመክሰሙ ጭምር ነው።

ታዲያ መጋዘን ሁሉ የሚያኮራ ነው ማለቴ አይደለም። በባሶ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ቅርስ ሲባል የምንፎክርበት ብቻ ከሆነ እንዲህ ያለውን ቦታ ማፍረስ ይቀላል፤ ከእፍረትም ያሳርፋል። ነገር ግን ምስክር የሚጠራው ደስ የሚለንን ብቻ እንዲናገር አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ከወጣቱ ባለሙያ ይልቅ ለእኔ ይፈርዳል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የጉልበት ውጤት ሆኖ ታሪክን የሚመሰክር ነገር አድርጎ ነው እንጂ፣ ንጉሥ ያደረበት ቤት ብሎ አልወሰነውም። የጀርመኗ ሐምቡርግ ቡናና ቅመም ሲከማችባቸው የኖሩትን የወደብ መጋዘኖቿን ጠብቃ በ2007 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት አስመዝግባለች። እኛ ግን የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ የሁሉም የተባለው ቤት የማንም ሳይሆን፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ኖረ። ሳይጠገን አረጀ፤ አረጀ ተብሎ ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ያየነው ይህንኑ ነው።

«አገር እየነደደ ስለ ግድግዳ ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የቀበርናቸው ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዲት ነፍስ ከመጋዘኑ ድንጋይ ሁሉ ትበልጣለች። ይህን የሚከራከር የለም። ነገር ግን ዛሬ እርስ በርስ የምንካሰሰው ማን ዘረፈ፣ ማን ተዘረፈ፣ ማን ከማን ጋር ኖረ በሚል ነው። ክርስቲያኑ ገበሬ ከሙስሊሙ ነጋዴ ጋር የተገበያየበት፣ መንግሥትም የገበሬውን ላብ በርካሽ የመዘነበት ቤት ከፈረሰ፣ ለክርክሩ የሚቀረን አፍ ብቻ ነው። አፍ ደግሞ ለሁሉም ወገን ይዋሻል።

መጋዘኑ ሙዚየም ይሁን አላልኩም። ይለካ፤ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በዚያ በር የገቡ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ቃላቸው ይመዝገብ። ግድግዳውና በሩ ይቆዩና ውስጡ ለነጋዴ ይከራይ፤ ሲነገድበት የኖረ ቤት ቢነገድበት ክብሩ አይቀንስም። ይህን በጽሑፍ አድርጌ ለዚያው ወጣት ሰጥቼዋለሁ። «አየዋለሁ፣ ዶክተር» ብሎኛል። ይህን እስከምጽፍ ድረስ መጋዘኑ ቆሟል፤ ቀዩ ምልክትም አልጠፋም።

ውድ አንባብያን፣ በየከተማችሁ «ዐረብ ቤት» የሚባለውን ቤት ሄዳችሁ እዩት፤ አባቶቻችሁንም በዚያ በር ምን ይዘው ገብተው ምን ይዘው እንደ ወጡ ጠይቋቸው።

ቸር እንሰንብት።