የወርቅና የብር ሳንቲም ለመግዛት ለምታስቡ

የኑሮ ውድነት በበረታ ቁጥር «ገንዘባችሁን ወደ ወርቅና ብር ለውጡ» የሚል ምክር በየአቅጣጫው ይሰማል። በአሜሪካ የምንኖር ምእመናንም ከሰንበት መርሐ ግብር በኋላ ደጋግመን የምንነጋገርበት ጉዳይ ሆኗል። ጥያቄው የገበያ ብቻ ቢመስልም፥ በገንዘባችን ላይ የሌሎች ሰዎች ተስፋ ስላለ የኅሊናም ጥያቄ ነው።

ወርቅን በራሱ እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ቢኖር ታሪካችንን ይመልከት። ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል፥ በሳንቲሞቹ ላይ በነበረው የጨረቃ ምልክት ፋንታ መስቀል አስቀርጿል። አባቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብርም 28 ግራም ያህል የሚመዝን፥ ከሺህ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር የሆነ ገንዘብ ነበር፤ እየቀለጠ የአንገት መስቀል የሆነውም ብዙ ነው። የዛሬው የወረቀት ብር ስሙን የወረሰው ከዚሁ ማዕድን ነው። ወረቀቱ ሲረክስ ማዕድኑ ዋጋ ይዞ መቆየቱን ያዩ ሰዎች ወርቅና ብር ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም።

ታላቅ እኅቴ አረጋውያንን በመንከባከብ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ገንዘብ በሙሉ የወርቅ ሳንቲም ልትገዛበት አስባ አማከረችኝ። ጎንደር ለምትገኘው እናታችን የኩላሊት እጥበት የሚላከው ከዚያው ገንዘብ ነበር። «እትዬ፥ የእማዬ መክፈያ ቀን ሲደርስ ወርቁን ማን ይገዛሻል? በስንትስ?» አልኋት። ዝም አለች። ከዚያም አብረን ሒሳቡን መረመርን።

«አሜሪካን ኢግል» የሚባለው ባለ አንድ አውንስ ሳንቲም 22 ካራት ሲሆን፥ 31.1 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው። ሻጩ ግን ከማዕድኑ ዋጋ በላይ ያስከፍላል፤ መልሶ ሲገዛም ቀንሶ ይሰጣል። ልዩነቱ በመቶኛ ሲሰላ በብር ሳንቲም ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ወርቅ ወለድ አይከፍልም፤ ኪራይም አያስገባም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1980 የአንድ አውንስ ዋጋ 850 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ቀን የገዛ ሰው ያንኑ ዋጋ መልሶ ያየው በጃንዋሪ 2008 ነው። በእነዚያ 28 ዓመታት ደግሞ የዶላሩ የመግዛት ዐቅም ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። የእናታችን ሕክምና 28 ዓመት ቀርቶ 28 ቀን እንኳ አይጠብቅም።

እኅቴ የሁለት ዓመት የሕክምና ወጪ የሚሸፍነውን በባንክ አስቀመጠች፤ ከተረፈው ከዐሥር አንዱን እጅ ብቻ ወርቅ ገዛችበት። ወርቁ ለክፉ ቀን ጠባቂ ይሆናት ዘንድ ነው፤ የዕለት ግዴታዋን ግን አላሸከመችውም።

እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ይህን ገንዘብ ማን ተስፋ ያደርገዋል? ከምከፍለው ውስጥ የማዕድኑ ዋጋ ስንት፥ የሻጩስ ትርፍ ስንት ነው? ነገ ለመሸጥ ብገደድ ስንት ይቀርልኛል? ተበድሮ ወርቅ መግዛትን ፈጽማችሁ ሽሹ። «ብርቅ ነው፥ ዛሬውኑ ካልገዛችሁ ያመልጣችኋል» የሚላችሁን ሻጭም አትቸኩሉለት።

በወንጌል መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ የተወቀሰው አንዳች ስለ ሰረቀ አይደለም፤ በአደራ የተቀበለውን ሳይሠራበት ስላስቀመጠው ነው። እናት መድኃኒት አጥታ ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ወርቅም የተቀበረ መክሊት ነው። ማስተዋሉን ለሁላችን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።