ባዶና ዜሮ

በ1991 ዓ.ም. በአንድ የዞን ጤና መምሪያ የስታስቲክስ ክፍል ሥራ ስጀምር መረጃ ማለት ወረቀት ነበር። የየወረዳው ወርኃዊ ሪፖርት የሚደርሰን በአውቶቡስ ረዳት እጅ፣ ለስብሰባ በመጣ ባለሙያ ቦርሳ፣ አንዳንዴም መድኃኒት ሊጭን በመጣ መኪና ነው። ግርጌው ላይ «ያዘጋጀው»፣ «ያረጋገጠው»፣ «ያጸደቀው» የሚሉ ሦስት ቦታዎች አሉ። ፊርማ የጎደለው ወይም ማኅተም ያላረፈበት እንደ ሪፖርት አይቆጠርም፤ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ቅጾቹን መጀመሪያ በወረዳ፣ ቀጥሎ በበሽታ ዓይነት፣ ከዚያም በዕድሜና በጾታ እንለያቸዋለን። ጠረጴዛው ሲሞላ ወለሉ ላይ እንዘረጋለን። በትልቁ ሰንጠረዥ ላይ በእርሳስ አራት ቋሚ ሰረዝ እናሰምርና አምስተኛውን በሰያፍ እናሳልፍበታለን። በመጨረሻ በቁመት የተደመረውና በአግድም የተደመረው መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ ስህተቱ እስኪገኝ ድረስ እንደገና ከላይ እንጀምራለን። የሩብ ዓመት ማጠቃለያ ሳምንታት ይበላ ነበር።

የክፍሉ አንጋፋ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፣ ድምሩን ከማየታቸው በፊት ረድፎቹን በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ነበር። ባዶ ሣጥን ሲያጋጥማቸው ይቆማሉ። «ይቺ ወረዳ ባለፈው ወር የወባ ታማሚ ነበራት፤ ዛሬ ምንም የለም። ታማሚው ነው የጠፋው ወይስ ጸሐፊው?» ይሉና ስልክ ያስደውላሉ። መልሱ አንዳንዴ ደስ የሚል፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚያሳስብ ነበር፦ ድልድዩን ወንዝ ወስዶታል፣ ባለሙያዋ ወሊድ ላይ ናት፣ ቅጽ አልቋል። ታማሚ ከሌለ ዜሮ ይጻፋል፤ ሪፖርቱ ካልመጣ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «አልደረሰም» ይባላል። ሁለቱን አንድ ማድረግ በጋሼ ዘንድ ትልቅ ጥፋት ነበር።

ኋላ ኮምፒውተር ገባ። መጀመሪያ ኤክሴል፣ ዓመታት ቆይቶ ዳታቤዝ መጣ። «ሰሌክት» ብሎ የሚጀምር፣ «ግሩፕ ባይ» ብሎ በወረዳ የሚለይ አንድ አጭር ትእዛዝ የሳምንታቱን ሥራ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ሲጨርሰው ያየሁ ቀን የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አልወጣልኝም። «ሰም» ይደምራል፣ «ካውንት» ይቆጥራል፣ «ሃቪንግ» ከተደመረው ውስጥ የሚፈለገውን ብቻ ያስቀራል። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ተርሚናል ላይም እንዲሁ ነው። የተደጋገመውን ለመቁጠር በ«ሶርት» መስመሮቹን በተራ አስቀምጦ ለ«ዩኒክ» ማቀበል ብቻ ይበቃል። ዩኒክ የሚያነጻጽረው ጎን ለጎን ያሉ መስመሮችን ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ መደርደር ግድ ነው፤ እኛም ሰረዝ ከማስመራችን በፊት ቅጾቹን በየወረዳቸው የምንከምረው ለዚሁ ነበር።

የእነዚህን መሣሪያዎች ታሪክ ሳነብ ግን ቅር አለኝ። ኤድጋር ኮድ ዳታቤዞች ዛሬ የቆሙበትን ሐሳብ በአይቢኤም ሆኖ ያሳተመው በፈረንጆች 1970 ነው። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን ቋንቋ የመጀመሪያ መልኩን በ1974 አቀረቡ። የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የማቀበሉ ዘዴ፣ የዳግላስ ማክኢልሮይ ሐሳብ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስ ላይ የገባው በ1973 ነው። ሠንጠረዥን በአንድ መስመር የሚደምረው «ኦክ» በ1977 ተሠራ። እኛ ወለል ላይ ተንበርክከን ሰረዝ ስናሰምር ለዚያው ሥራ የተሠራው ቋንቋ የሩብ ምዕተ ዓመት ዕድሜ ነበረው። የዘገየው ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ ነው፤ በመዘግየቱም የስንት ብርቱ ሰው ዕድሜ በመደመር አልቋል።

ስለዚህ ያለፈውን ዘመን አልናፍቅም። የሚቆጨኝ ከወረቀቱ ጋር አብሮ የተጣለው ጥንቃቄ ነው።

ባዶና ዜሮን እንውሰድ። አምስት ቀበሌዎች አሉ እንበል፤ ሦስቱ 10፣ 20 እና 30 ታማሚ ብለው ላኩ፣ ሁለቱ ምንም አልላኩም። ዳታቤዙን አማካይ ብንጠይቀው ባዶዎቹን ዘልሎ 60ን ለ3 ያካፍልና 20 ይለናል። በኦክ ደምረን በመስመሮቹ ብዛት ብናካፍል ደግሞ ባዶው እንደ ዜሮ ተወስዶ 60 ለ5 ይካፈልና 12 እናገኛለን። ሁለቱም ትእዛዞች በየሕጋቸው አልተሳሳቱም። ሁለቱም ግን ሁለት ቀበሌዎች ዝም ማለታቸውን አይነግሩንም። ጋሼ ቢሆኑ ስልክ ያስደውሉ ነበር።

ፊደላችንም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሐረርና ሀረር፣ ዓለም ከተማና አለም ከተማ ለአንባቢ ያው ናቸው፤ ለማሽኑ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ሁለት ቦታዎች ይሆናሉ። ደብረ ብርሃን ደግሞ አንዴ ተነጣጥሎ፣ አንዴ ተጋጥሞ፣ አንዴ «ደ/ብርሃን» ተብሎ ይገባና አንዱ ከተማ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ድምሩ ሦስት ላይ ሲበተን ወረርሽኙም ትንሽ መስሎ ይታያል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ለየቦታው አንድ የማይለወጥ መለያ ቁጥር መስጠት፣ ካልሆነም ከመደመር በፊት ሞክሼ ፊደሎቹን ፊደል በሚተካው ትእዛዝ፣ በ«ሴድ»፣ ወደ አንድ ማምጣት ነው። ግን አስቀድሞ ረድፉን ከፍቶ ያየ ሰው ያስፈልጋል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ወር የፈረንጆች ነው። በፈረንጆች ቀን «በወር ለይልኝ» ስንለው በመስከረም ስም የሚሰጠን የእነርሱን ሴፕቴምበር ነው። እሱም በአብዛኛው ዓመት የነሐሴን የመጨረሻ 5 ቀን፣ ጳጉሜን በሙሉና የመስከረምን 20 ቀን የያዘ ነው። አሮጌውና አዲሱ ዓመት አንድ ከረጢት ገቡ ማለት ነው። ያ ወቅት ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ወባ የሚያይልበት ነው፤ መቼ መነሳት እንደጀመረ በትክክል ማወቅ ያለብን ያኔ ነው።

ከሁሉም በላይ ከታች የምናካፍልበት ቁጥር አለ። የክትባት ሽፋን የሚወጣው የተከተቡት ሕፃናት ለሚጠበቁት ሕፃናት ተካፍለው ነው። የሚጠበቁት ብዛት የሚመጣው ከሕዝብ ትንበያ ነው። ትንበያው የቆመው በሕዝብ ቆጠራ ላይ ነው። አገራችን ሕዝቧን የቆጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሲሆን የመጨረሻው ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰው መዝግቧል። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሰፍቷል፣ ሰው ተፈናቅሏል፣ ወረዳው ተከፍሏል። ሽፋናቸው ከመቶ በመቶ በላይ የሆነ ወረዳዎችን በሪፖርት ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ትእዛዙ ማካፈሉን በቅጽበት ይሠራል፤ አካፋዩ ያረጀ መሆኑን አይናገርም።

ዛሬ የጤና መረጃችን ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ይጓዛል፤ ከዞን እስከ ሚኒስቴር ያለው ሰው በአንድ ስክሪን ላይ ባለቀለም ግራፍ ያያል። ዛሬ ሥራውን የያዙት ወጣቶች እኛ በወር የማንሠራውን ከቁርስ በፊት ይጨርሳሉ፤ በእነሱ እኮራለሁ። ነገር ግን ከጤና ኬላ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣውን ቁጥር ቁልቁል ሲመለስ እምብዛም አላየሁም። ቤት ለቤት ዞራ የመዘገበችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቀበሌዋን ድምር ከጎረቤት ቀበሌ ጋር አነጻጽራ ብታይ ስህተቱን ከማንም ቀድማ ታገኘው ነበር። ሰዎቹን በስም ታውቃቸዋለች። እኛ የምንጠይቃት ግን ሪፖርቷ የዘገየ ቀን ብቻ ነው።

እናም ዛሬ ይህን ሥራ ለምትሠሩ ልጆቼ የምላችሁ ይህን ነው። ከድምሩ አጠገብ ስንት ቀበሌ እንደላከና ስንቱ እንዳልላከ ሁልጊዜ ጻፉ፤ «ካውንት» ይህን ለመናገር አንድ ተጨማሪ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። «ግሩፕ ባይ» ከማለታችሁ በፊት ስሞቹን ዘርዝራችሁ በዓይናችሁ እዩ። ባዶውን በዜሮ አትሙሉት። ማጠቃለያው ሲያልቅም ለአለቃ ከመላካችሁ በፊት አንድ ቅጂ ቁጥሩን ለሰጠቻችሁ ሴት ላኩላት፤ ትክክል መሆኑን ልትነግራችሁ የምትችለው እሷ ናት።