በእኔና በእቴቴ መካከል

ታላቅ እህቴ ከእኔ በ8 ዓመት ትበልጣለች። እቴቴ ነው የምላት። እሷ ተገርዛለች፤ እኔ አልተገረዝኩም። ይህችን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እንድጽፋት የፈቀደችልኝም ራሷ እቴቴ ናት።

ያደግነው ከንባታ ውስጥ፣ ከዱራሜ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። እቴቴ የተገረዘችው በ1993 ዓ.ም፣ በ11 ዓመቷ ነው። እኔ ገና የ3 ዓመት ሕፃን ስለነበርኩ ቀኑን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝምታ ነው። እማዬና እሷ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንሰት ሲፍቁ ብዙም አያወሩም ነበር። ድካም ይመስለኝ ነበር።

እኔ ለምን እንደተረፍኩ የገባኝ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ማንበብ ስጀምር ነው። የእኛ አገር ሰው "ቦጌ" ነው የሚላቸው። የተወለዱት እዚያው ከንባታ፣ ዛቶ መንደር ነው። እሳቸውም በልጅነታቸው ተገርዘዋል። ውኃ ልቅዳ ብለው እየወጡ በድብቅ ፊደል ቆጠሩ፤ ኋላ ኢየሩሳሌምና አሜሪካ ድረስ ሄደው ሳይንስ ተማሩ። አንዲት እህታቸውን በወሊድ አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከሌላዋ እህታቸው ከፍቅርተ ጋር "ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ"ን መሠረቱ። የከንባታ ሴቶች ተባብረው የሚሠሩበት ማለት ነው።

ቦጌ የመጡት ስለ ሴቶች ሊያወሩ ነበር። ሰዉ ግን መጀመሪያ ያነሳላቸው የድልድይ ነገር ነው፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ወደ ገበያ የሚሻገርበት የለም። እሺ አሉ፣ ድልድዩ ተሠራ። ሰዉ ልቡን የከፈተላቸው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ተጠቃሚው ምን እንደቸገረው ሳንጠይቅ ሠርተን "ለምን አይጠቀሙበትም?" የምንል ስንት አለን መሰላችሁ!

ቀጥሎ ውይይቱ መጣ። ሽማግሌው፣ እናቶች፣ ወጣቱ፣ የሃይማኖት አባቶች አንድ ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን በአደባባይ ተናግራ ተዳረች፤ ሙሽራውም ደስ ብሎኝ ነው የማገባት አለ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ግርዛትን በእስር ወይም በገንዘብ የሚያስቀጣ አደረገው። እኔ ታዲያ 11 ዓመት ሲሞላኝ ቤታችን ቢላ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።

እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ለቅሶተኛው ተበትኖ እኔና እቴቴ ብቻችንን ስንቀር፣ ስንት ዓመት ያፈንኩትን ጠየቅኋት፦ "እኔን ስታዪ አይከፋሽም?"

ዝም አለች። ቆይታ እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦

"የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ሁለት ቀን አምጬ ነበር። እማዬ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ 'እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩሽ' እያለች አለቀሰች። 'አንቺንስ እንዲሁ አድርገውሽ የለ እንዴ' አልኳት። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ውይይቱ የመጣ ሰሞን፣ ልጅ ሆኜ፣ አንድ ማታ ጠርታኝ 'ነገ ተነስቼ ልናገር ነው፣ ያንቺን ነገር ላንሳ ወይ?' አለችኝ። እሺ አልኳት። በማግስቱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእኔን ሕመም ተናግራ፣ 'ትንሿን ማንም አይነካብኝም' አለች። እና አንቺን ሳይ ምን ልበል? እሺ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።"

እኔ እስከዚያ ድረስ ያዳነኝ ቦጌ፣ ሕጉና ጊዜው ይመስለኝ ነበር። የ12 ዓመት ልጅ "እሺ" ማለቷን ማን ነግሮኝ!

ቦጌ በጥቅምት 2012 ዓ.ም ሲያርፉ እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ውጪ ተቀምጣ ነበር። "ምን ዘመድሽ ናቸው?" ብላት "እናትም እህትም" ብላኝ ዝም አለች። ያኔ የአነጋገር ወግ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በቀደም እቴቴ ደወለችልኝ። ሴት ልጇ 11 ዓመት ልትሞላ ነው። በቤታችን ልደት ተከብሮ አያውቅም፤ የእኔን የልደት ቀን እንኳ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። "ከአዲስ አበባ ስትመጪ ኬክ ይዘሽ ነይ" አለችኝ። "ይቺን 11 ግን እናክብራት።"