አራት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ

ላቦራቶሪ በሌለበት ሳይንስ የለም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። መሣሪያ እስኪመጣልን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለት እኮ ነው! እኔም ኦስካር 1 የተባለችውን ሣጥን አነሣባቸዋለሁ።

ኦስካር 1ን የሠሯት የካሊፎርኒያ የሬዲዮ አማተሮች ናቸው፤ ሬዲዮን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ የሚነካኩ ሰዎች። 4.5 ኪሎ ያህል የምትመዝን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ነበረች። ዲሴምበር 12 ቀን 1961 እ.ኤ.አ. ሮኬት ላይ ለሚዛን በሚጫን ክብደት ቦታ ተሸጉጣ ወጣች። የምታውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ በሞርስ አራት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፤ «ሃይ»! ሰላምታ መሆኑ ነው።

ታዲያ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰላምታው የሚፈጥነውም የሚዘገየውም በሣጥኗ ሙቀት ልክ ነበር። ሰዓት የያዘ ሰው ሁሉ፣ ሐኪም የልብ ትርታ እንደሚቆጥር ነጥቡን እየቆጠረ፣ ሰማይ ላይ ያለችውን ሣጥን ሙቀት ያውቅ ነበር። ከ28 አገሮች ከ570 የሚበልጡ አማተሮች የሰሙትን ጽፈው ላኩ። ሦስት ሳምንት ያህል ተናግራ ዝም አለች፤ በጃንዋሪ 1962 መጨረሻ አየር ውስጥ ተቃጠለች።

«የድሮ ተረት ነው» ላለኝ ደግሞ የ2017ቱን የአሜሪካ የፀሐይ ግርዶሽ ልንገረው። አጭር ሞገድ ሩቅ የሚደርሰው ፀሐይ በምታነቃው የላይኛው አየር፣ በአዮኖስፌር፣ እየነጠረ ነው። ያን ዕለት፣ ኦገስት 21 ቀን፣ አማተሮቹ እንደ ልማዳቸው ተጠራሩ፤ ማን ማንን እንደሰማ ተመዘገበ። ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ በ14 ሜጋኸርትዝ ግንኙነቱ ሳሳ፤ በዝቅተኞቹ ላይ ግን ልክ እንደ ምሽት ከሩቅ ይሰማ ጀመር። እኔን የሚገርመኝ የዝምታው ዋጋ ነው። «በዚህ ሰዓት አልሰማሁም» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ከሰማው እኩል ሠርቷል። የትኛው ፈተናችን ነው እንዲህ የሚያርመን?

የምድር ማግኔታዊ ወገብ ደግሞ በኛው አገር ላይ ነው የሚያልፈው። ቀን ቀን ከበላያችን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፤ አዮኖስፌሩም የራሱ ጠባይ አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢቲ3ኤኤ የሚባል የአማተሮች ጣቢያ አለ። ለማስተላለፍ ፈቃድ ያሻል። የሩቁን የአጭር ሞገድ ስርጭት ለማዳመጥ ግን ሬዲዮ፣ ሰዓትና ደብተር ይበቃል። ደብተሩን እኔ ከፍቻለሁ፤ የትኛው ጣቢያ በስንት ሰዓት ገባ፣ በስንት ሰዓት ጠፋ። ሌሊት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ያለውን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።